ነጭነትና ብዛት የታረቁበት ጤፍ፤ "ቁንጮ" ከምርምር ጣቢያ እስከ እህል በረንዳ

በአዲስ አበባው እህል በረንዳ ጤፍ ለመግዛት የሚመጣ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋውን አይደለም። ከጆንያው አፍ እፍኝ ያነሣል፤ በመዳፉ ላይ ዘርጋ ያደርገዋል፤ እፍ ይልበታል፤ ወደ ብርሃኑ ያስጠጋዋል። ነጭነቱን፣ አሸዋ ያለበት መሆን አለመሆኑን፣ የፍሬውን ሙላት አይቶ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። "ስንት አላችሁ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ የግማሽ ደቂቃ ምርመራ ተራ የገበያ ልማድ ይመስላል። ነገር ግን የአገሪቱ የጤፍ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመታት ድካም ውሳኔ ያገኘው እዚሁ መዳፍ ላይ ነው። አንዱ ዘር በምርምር ማሳ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ልቆ ሳለ በዚህ መዳፍ ወድቋል፤ ሌላው ደግሞ በዚሁ መዳፍ አልፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአድአ እስከ ምንጃር፣ ከበቾ እስከ ጎጃም ተዳርሷል። ያለፈው ዘር ስሙ "ቁንጮ" ይባላል። ታሪኩ ለነጋዴውም፣ ለደላላውም፣ ገንዘቡን በእርሻ ላይ ለማዋል ለሚያስበው ባለሀብትም ትምህርት አለው።

ያልተግባቡት ሁለት ጤፎች

የጤፍ ምርምር ጥንተ ታሪክ ከደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ ከምትባለው ከተማ አይለይም። የምርምር ጣቢያው በ1940ዎቹ አጋማሽ ከተቋቋመ በኋላ በጤፍ ላይ ሥራ የተጀመረው በየአካባቢው ከገበሬው እጅ ዘር እየሰበሰቡ፣ እየዘሩና እያወዳደሩ የተሻለውን በመምረጥ ነበር። በወቅቱ ዘር ማዳቀል የሚባል ነገር አልነበረም። አርሶ አደሩ ለብዙ ዘመናት ጠብቆ ካቆየው ውስጥ ጥሩውን ለይቶ መልሶ ለአርሶ አደሩ መስጠት ነበር ሥራው።

ከዚህ ምርጫ ከወጡት ዘሮች አንዱ በ1962 ዓ.ም. የተለቀቀውና በምርምር መዝገብ "ዲ ዜድ 01-196" የሚል ቁጥር የያዘው ነው። ነጋዴው ግን የሚያውቀው "ማኛ" በሚለው ስሙ ነው። ፍሬው በጣም ነጭ ነው፤ እንጀራው ዐይን ይማርካል፤ በገበያ ላይ ከማንኛውም ጤፍ በላይ ያወጣል። ጉድለቱ የምርቱ መጠን ነው። ከአንድ ሄክታር የሚታፈሰው ኩንታል አነስተኛ በመሆኑ፣ በዋጋ የሚያተርፈውን አርሶ አደር በብዛት ይጎዳዋል።

በ1987 ዓ.ም. የተለቀቀው "ዲ ዜድ 01-974" ወይም "ዱከም" የሚባለው ዘር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በምርት መጠኑ ተመራማሪዎቹን ያስደሰተ፣ በየሙከራ ማሳው ፊት የወጣ ዘር ነው። ይሁን እንጂ የፍሬው ቀለም እንደ ማኛ ጥርት ያለ ነጭ ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ነው። አርሶ አደሩ ዘርቶት ምርቱን አየ፤ ገበያ አውጥቶት ደግሞ ዋጋውን አየ። በሄክታር ያገኘውን ትርፍ ኩንታል፣ በኩንታል ያጣው ብር በላበት። በመሆኑም ዱከም በወረቀት ላይ አሸናፊ ሆኖ ሳለ የሚጠበቀውን ያህል ሳይስፋፋ ቀረ።

ጉዳዩ የሚያሳዝን ቢመስልም ለተመራማሪዎቹ ትልቅ ትምህርት ነበር። የምርት መጠን ብቻውን ዘር እንደማያሸጥ፣ ከማሳው ባሻገር ሚዛን የያዘ ሌላ ፈራጅ እንዳለ የተገነዘቡት ከዚህ ነው። ማኛ የገበያውን ፍላጎት፣ ዱከም የጎተራውን ፍላጎት ይዘው ለየብቻ ቆመዋል። የቀረው ጥያቄ ሁለቱን ማጋባት ይቻላል ወይ የሚለው ነበር።

በማለዳ የሚከፈት አበባ

ሁለት ጤፎችን ማዳቀል ሲናገሩት ይቀላል። የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለእህል ነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንዲት የስንዴ ፍሬ ወደ 150 የሚጠጋ የጤፍ ፍሬ ታነሣለች። አበባው ደግሞ ከዚህ የማይሻል ረቂቅ ነው። በዚያ ላይ ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ፣ የወንዴውን ክፍል በጊዜው አውጥቶ የሌላውን ጤፍ ብናኝ ለማኖር የሚያስችል ፋታ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ጤፍን በሰው እጅ ማዳቀል ከቶ አይቻልም ተብሎ የታመነበት ጊዜ ነበር።

ይህን በር የከፈቱት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ገደማ የጤፍ አበባ በማለዳ፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ዙሪያ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አዳቃዮች ከእንቅልፋቸው የሚነሡት በአበባው ሰዓት ሆነ። በአጉሊ መነጽር ሥር፣ በቀጭን ወረንጦ፣ የአንዱን ጤፍ ወንዴ እየለቀሙ የሌላውን ብናኝ ማኖር ተቻለ። በዚህ ዘዴ ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ ዘሮች አንዱ በ1976 ዓ.ም. የተለቀቀውና ቶሎ በመድረሱ የዝናብ እጥረት ላለበት አካባቢ የተመረጠው "ፀደይ" ነው።

ዱከምና ማኛም የተጋቡት በዚሁ መንገድ ነበር። ከሁለቱ የተገኙት ልጆች በመቶዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ለየብቻው እየተዘራ፣ ባሕርዩ እስኪረጋ ድረስ ለበርካታ ትውልድ ራሱን እንዲተካ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል ቁጥር 355 የሆነው የአባቱን ነጭነትና የእናቱን ብዛት ይዞ ተገኘ። በ1998 ዓ.ም. በይፋ ሲለቀቅ የተሰጠው ስም "ቁንጮ" የሚል ነው። በአርሶ አደር ማሳ ላይ በጥሩ አያያዝ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ እንደሚሰጥ ታይቷል።

ይህን ዘር ለፍሬ ካበቁት መካከል ዶክተር ኃይሉ ተፈራ፣ ዶክተር ጌታቸው በላይና ዶክተር ከበበው አሰፋ ይጠቀሳሉ። ተመራማሪዎቹ ከቀደመው ስሕተት በመማር አርሶ አደሮችን ገና በምርጫው ወቅት ወደ ማሳው ጋብዘዋቸዋል። አርሶ አደሩ ሲመርጥ የሚያየው ተመራማሪው ከሚያየው የተለየ ነው። የፍሬውን ቀለም፣ የጭዱን ብዛት፣ ከብቱ ይወደው እንደሆነ፣ እህሉ ገበያ ቢወጣ ምን እንደሚያወጣ አንድ ላይ ይመዝናል። በሌላ አነጋገር፣ የእህል በረንዳው ነጋዴ ስሙ ሳይጠራ በምርምር ማሳው ላይ ድምፅ አግኝቷል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የናሙና ጥናት መሠረት በ1997 ዓ.ም. የመኸር ወቅት በጤፍ የተሸፈነው መሬት ከ2.1 ሚሊዮን ሄክታር ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፣ የተገኘው ምርት ወደ 20 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። በሄክታር ሲሰላ 9.5 ኩንታል ገደማ ነው። በ2010 ዓ.ም. መኸር ደግሞ መሬቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር፣ ምርቱ ከ52 ሚሊዮን ኩንታል በላይ፣ የሄክታሩ ምርት ወደ 17.5 ኩንታል ደርሷል።

ነጋዴ በሚገባው ቋንቋ እናስላው ቢባል፣ ያው 3 ሚሊዮን ሄክታር በአሮጌው ምርታማነት ቢታረስ ኖሮ የሚሰጠው 28.5 ሚሊዮን ኩንታል ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከ20 ሚሊዮን ኩንታል ይበልጣል። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ሲመነዘር ከ400 ሺህ በላይ ምልልስ ነው።

ይህ ሁሉ የቁንጮ ሥራ ነው ማለት ግን አይቻልም። ማዳበሪያ በብዛት ገብቷል፤ መንገድ ተሠርቷል፤ የግብርና ባለሙያ በየቀበሌው ተመድቧል፤ ከተማው ሰፍቶ የጤፍ ፈላጊው በዝቷል። የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን ጤፍ ተከትለው ባካሄዱት ጥናት የታየውም ይኸው ነው። ለከተማው ቅርብ የሆነው ገበሬ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ቀድሞ ይጠቀማል፤ በገበያው ላይ የነጭ ጤፍ ድርሻ ከፍ ብሏል፤ ሸማቹ ከሚከፍለው የመጨረሻ ዋጋ ወደ አራት አምስተኛው የሚደርሰውም ለአምራቹ ነው። ይህ የመጨረሻው ግኝት "ደላላው በላው" ለሚለው የቆየ ክስ አጭር መልስ ይሆናል። ከገበሬው በር እስከ ወፍጮ ቤት ያለው ሰንሰለት ከሚታማው በላይ አጭር ሆኖ ተገኝቷል።

ዘር መቆጠብ ወይስ ጉልበት መቆጠብ?

አርሶ አደሩ ጤፍን የሚዘራው በእጁ እየበተነ ሲሆን ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ያውላል። አበዛዙ ለምን ነው ቢባል፣ ፍሬው ትንሽ በመሆኑ ወጥ አድርጎ መበተን አይቻልም፤ ከፊሉ ይታጠባል፤ ከፊሉ ጠልቆ ይቀራል። ተመራማሪዎች በመስመር ከተዘራ ከ10 እስከ 15 ኪሎ እንደሚበቃ፣ ተክሉም አየርና ብርሃን አግኝቶ በርካታ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ አስረዱ። ሒሳቡ ይስባል። በሄክታር 20 ኪሎ ዘር ቢቆጠብ በ3 ሚሊዮን ሄክታር ላይ 600 ሺህ ኩንታል ጤፍ ከአፈር ተርፎ ወደ ገበያ ይመጣል።

በ2004 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ዓመታት በመስመር መዝራት የመንግሥት ዘመቻ ሆነ። በማሳያ ቦታዎች ላይ የተገኘውን ከፍተኛ ምርት በመያዝም ትልቅ ተስፋ ተሰጠ። ውጤቱን ገለልተኛ ሆነው ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ግን በተራው ገበሬ ማሳ ላይ ያገኙት ጭማሪ ከተባለው እጅግ ያነሰ ነበር። ከዚህም በላይ በመስመር መዝራት ብዙ የሰው ጉልበት ይጠይቃል። የመሬቱ ምርት ከፍ ቢልም፣ የዋለው ጉልበት ሲታሰብለት ትርፉ ይሳሳል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚውሉበት፣ የቀን ሠራተኛ የሚከፍል ገበሬ ለምን ወደ ብተናው እንደተመለሰ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ለባለሀብቱ ፍንጩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳይንሱ ልክ ነው፤ የጎደለው መሣሪያ ነው። ይህችን ብናኝ የምታህል ፍሬ በወጥ ልክ እየለቀቀ የሚዘራ፣ በበሬም ሆነ በትንሽ ሞተር የሚጎተት፣ በአርሶ አደሩ አቅም የሚገዛ መዝሪያ በብዛት ሠርቶ ያቀረበ ሰው ገበያው ሰፊ ነው።

የሚጋሸብ ጤፍና የበርን ቤተ ሙከራ

ጤፍ የሚታረስበትን አገር በጥቅምት ያየ ሰው፣ ማሳው ነፋስና ዝናብ ሲያገኘው እንደ ምንጣፍ ተጋሽቦ ሲተኛ ያውቃል። ግንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ዛላው ሲሞላ መሸከም ያቅተዋል። የተጋሸበ ጤፍ ምርቱ ይቀንሳል፤ ጥራቱ ይበላሻል፤ በማጨጃ መኪና ለማንሣትም ያስቸግራል። ማዳበሪያ ሲጨመር ደግሞ ተክሉ ይበልጥ ያድግና ይበልጥ ይወድቃል። በስንዴና በሩዝ ላይ የዓለምን የምግብ ታሪክ የለወጠው ግንዱን የማሳጠር ሥራ በጤፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራ የቤት ሥራ ሆኖ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመራው የጤፍ ምርምር ቡድን ከደብረ ዘይት ባልደረቦቹ ጋር ይህን የቤት ሥራ ይዞ ተነሣ። ቡድኑ በ2006 ዓ.ም. የጤፍን ሙሉ የዘር ኮድ አንብቦ ሲያሳትም ለንባቡ የመረጠው ፀደይን ነበር። በጎን ደግሞ አጠር ብሎ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ "ክንዴ" የተባለ የጤፍ ዓይነት ተለይቶ ከአገር ቤት ጤፍ ጋር ተዳቀለ። ከዚህ ጋብቻ የተገኘውና በ2009 ዓ.ም. ለአርሶ አደሩ የተለቀቀው ዘር "ተስፋ" የሚል ስም ወጥቶለታል። ቁንጮ ከተለቀቀ በኋላ "ቦሰት"፣ "ኮራ"፣ "ዳግም"፣ "ንጉሥ"፣ "ፈላጎት" እያሉ ሌሎች ዘሮችም ወጥተዋል። ይህ ደግሞ ሊዘነጋ የማይገባውን ነገር ያስታውሳል። አንድ ዘር፣ ምንም ቢወደድ፣ ብቻውን አገር ሊሸፍን አይገባውም፤ በሽታ የመጣለት ቀን የሚያልፍ ነገር አይኖርምና።

ከኩንታሉ በስተጀርባ ያለው አፈር

ለጤፍ የተመረጠው መሬት በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ስንዴና ሽምብራ ውኃው ሲተኛባቸው ቢጫ ሆነው ሲሞቱ ጤፍ ግን ይችለዋል። የአድአና የበቾ ገበሬ ጤፍን የሙጥኝ ያለው አንድም በዋጋው ሲሆን አንድም መሬቱ ስለሚያስገድደው ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ምርምር ፕሮጀክት ውኃውን በመደብና በቦይ የሚያጠነፍፍ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ያቀረበው፣ በዚህ መሬት ላይ ስንዴንና ሌሎች ሰብሎችንም ቀድሞ ለመዝራት እንዲቻል ነበር።

ተዳፋት በሆነው አገር ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ። ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ እንደ ዱቄት እስኪልም ደጋግሞ ይታረሳል። የሚዘራው በክረምቱ እኩሌታ ነው። እናም ሰማዩ በሚያወርድበት በሐምሌ ወር መሬቱ ራቁቱን ይቆያል። በ1973 ዓ.ም. የተጀመረውና ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በአንጀኒ፣ በአንዲት ጥድ፣ በማይባርና በሌሎችም ጣቢያዎች የታጠበውን አፈር በባልዲ እየሰበሰበ ለዓመታት መዝኗል። ከዚህ በመነሣት የወጣው ግምት በደጋው የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ነው።

42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። 17 ኩንታል እህል ከሚታፈስበት ሄክታር 420 ኩንታል አፈር ወደ ወንዝ ከሄደ ማን አተረፈ? ይህ ኪሳራ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ነጋዴውም አይከፍለውም፤ ደላላውም አያስበውም። ገበሬው ግን በየዓመቱ በሚጨምረው ማዳበሪያ ቀስ በቀስ ይከፍለዋል። እርከን መሥራት፣ አረሱን መቀነስ፣ በጤፍ ፋንታ በየተራው ጥራጥሬ ማስገባት በምርምር የተፈተኑ መላዎች ናቸው። ጥራጥሬው ለአፈሩ ናይትሮጅን ትቶ ይሄዳል፤ ለነጋዴውም ከጤፍ በተጨማሪ የሚሸጠው ሽምብራና ምስር ይሰጠዋል።

ጤፍና የውጭው ገበያ

የጤፍ ስም ከድንበር ያለፈው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን የሌለበት በመሆኑ፣ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች ስለፈለጉት ነው። ቀድሞውንም በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ከ1970ዎቹ ወዲህ ጤፍ ይመረታል፤ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ኢትዮጵያዊም እንጀራውን የሚጋግረው ከዚህ ነበር። ከአገር ቤት በኩል ግን በጥር 1998 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ንረትን ለመግታት ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታገደ። እንጀራ ግን ተጋግሮ በአውሮፕላን መውጣቱን ቀጠለ። በ2007 ዓ.ም. ለተመረጡ ሰፋፊ እርሻዎች በተወሰነ መጠን ፈቃድ ተሰጥቷል።

ቁንጮ የተለቀቀበትና በሩ የተዘጋበት ዓመት አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ምርት የሚጨምር ዘር ይዞ ገበያ ማጥበብ የአገር ውስጡን ሸማች ይታደጋል፤ ገበሬው የሚያገኘውን ዋጋ ግን ይይዘዋል። ሁለቱን ማመዛዘን የመንግሥት ፈንታ ቢሆንም ውጤቱ የሚወርደው በነጋዴውና በአምራቹ ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን የተፈጸመ ሌላም ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. የአገሪቱ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘር እንዲጠቀምና ከትርፉ እንዲያካፍል ተስማሙ። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ፤ ከዚያም በ2001 ዓ.ም. ከሰረ። ከስምምነቱ ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ ወደ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር። የባለቤትነት ወረቀቱ ወደ ሌላ እጅ አልፎ ሲያጨቃጭቅ ቆይቶ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አድርጎታል። ክርክሩን ያነሡት የኢትዮጵያ ባለሥልጣኖች ሳይሆኑ ሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ተካሰው መሆኑ ነገሩን የበለጠ አስገራሚ ያደርገዋል።

ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ጤፍ ራሱን የሚያዳቅል በመሆኑ አርሶ አደሩ አንድ ጊዜ የገዛውን ዘር ለበርካታ ዓመታት ከራሱ ጎተራ እያወጣ ሊዘራ፣ ለጎረቤቱም ሊሰጥ ይችላል። ለገበሬው በረከት ነው፤ ለዘር ነጋዴው ግን ደንበኛው በየዓመቱ የማይመለስበት ሱቅ ነው። የግል ኩባንያዎች ወደ ዲቃላ በቆሎ ሲሮጡ ጤፍን ለመንግሥት ድርጅቶችና ለገበሬ ማኅበራት የተዉት ለዚህ ነው። ስለሆነም የጤፍ ምርምር ወጪውን ከዘር ሽያጭ ሊመልስ አይችልም። በመንግሥት በጀትና በእርዳታ ነው የቆየው። ያተረፈው ግን ሁሉም ነው፤ ገበሬው፣ ጫኙ፣ ደላላው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ጭምር።

ታዲያ ገበያው በበኩሉ የሚያዋጣው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ስምን በስሙ መጥራት። ዛሬ ነጭ የሆነ ሁሉ "ማኛ" እየተባለ ይሸጣል፤ ቁንጮውም ማኛ፣ ቅልቅሉም ማኛ ነው። ስሙ እንዲህ ሲረክስ ዘሩን ለይቶ፣ አጥርቶ ያቀረበው ገበሬ የሚያገኘው ብልጫ ይጠፋል፤ ብልጫው ሲጠፋ ደግሞ ዘር የመለየት ትጋቱም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ውድማ ነው። በመሬት ላይ በከብት የሚወቃ ጤፍ አፈርና አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ገዢው እፍ የሚልበትም ለዚህ ነው። በሸራ ላይ ወይም በመውቂያ መኪና የተወቃውን ለይቶ የተሻለ ዋጋ መስጠት ማንም የማይከለክለው የነጋዴ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ቀዩ ጤፍ ነው። ከተሜው ነጭ ነጩን ሲያሳድድ ቀዩና ሰርገኛው ከማሳ እየተገፉ ነው። ማኛም ሆነ ዱከም የተገኙት ግን አርሶ አደሩ ካቆየው ድብልቅልቅ ዘር ውስጥ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በተቋቋመው የአዲስ አበባው የዘር ባንክ ከ5 ሺህ በላይ የጤፍ ናሙናዎች ተቀምጠዋል፤ መልካም ነው። ሆኖም በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ከአዲስ ድርቅና ከአዲስ በሽታ ጋር አይለማመድም። የሚለማመደው በማሳ ላይ ነው፤ በማሳ ላይ የሚቆየው ደግሞ የሚገዛው ካለ ነው። በምግብ ጠቀሜታው የሚፈለገውን ቀይ ጤፍ ንጹሕ አድርጎ፣ በስሙ አሽጎ የሚያቀርብ ነጋዴ ለራሱም ለነገው ተመራማሪም ይሠራል።

ቁንጮ ያለፈበት መንገድ ይህን ሁሉ በአጭሩ ይነግራል። በማለዳ የሚከፈተውን አበባ ጠብቆ የነቃ ተመራማሪ፣ ከሦስት መቶ በላይ ልጆች መካከል አንዱን የመረጠ ገበሬ፣ በመጨረሻም በመዳፉ ላይ በትኖ ያየ ነጋዴ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው ዘሩ ዘር የሆነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ዱከም አሳይቷል። በሚቀጥለው መኸር እህል በረንዳ ላይ እፍኝ ጤፍ የሚያነሣ ገዢ፣ ከመዳፉ ላይ ያለው ፍሬ የሃምሳ ዓመት ሥራ መሆኑን፣ የእርሱም የግማሽ ደቂቃ ፍርድ የቀጣዩን ዘር ዕጣ እንደሚወስን ቢያስብ አይከፋም።